ቀይ የተሰመረባቸው

ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ስሙ ከሙታን ጋር ተጠራ። ጆሮዬ ነው እንዳልል በግራም በቀኝም ያለው ሰው ሰምቷል። እዚህ ሆላንድ ያለው እድራችን በየዓመቱ ለሞቱ አባላቱ መታሰቢያ ያደርጋል። ካህኑ ጸልየው ሲያበቁ ዲያቆኑ ከወረቀት ላይ የዓለም ስምና የክርስትና ስም እያገናኘ ያነባል፤ እኛ ደግሞ በየስሙ «ነፍስ ይማር» እንላለን። ጥቂት ስሞች ከተነበቡ በኋላ «ሽባባው፣ ክንፈ ሚካኤል» አለ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ሽባባውም እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ፣ እዚያው ከጎኔ፣ ከሕዝቡ ጋር «ነፍስ ይማር» አለ። ዞር ብዬ ባየው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ምንም አልደነገጠም። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸው አለመደንገጡ ነው።

እኔ ፀዳለ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ውጬ ቤቴ የምገባ ሰው አይደለሁም። ጸሎቱ እንዳበቃ የእድሩን ጸሐፊ አቶ ነጋን በር ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። «ወንድሜን ምን አድርጎዎት ነው የገደሉት?» አልኳቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ደነገጡና መዝገቡን ከቦርሳቸው አወጡ። በእድራችን ወግ አባል ሲሞት ስሙ ላይ በማስመሪያ ቀይ ይሰመርበታል። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ አንቀጽ ዘጠኝ የሚሉት ነገር ወጣ፤ በወንጀል የተፈረደበት አባል ድምፅ አይሰጥም፣ በጉባኤም ስሙ አይጠራም የሚል። ያኔ ጸሐፊ የነበሩት ሰውዬ በምን እንለያቸው ብለው ሳይጨነቁ የተፈረደባቸውንም በዚያው ማስመሪያ፣ በዚያው ቀይ ስክሪብቶ አሰመሩባቸው። ዘንድሮ የአቶ ነጋ የእህት ልጅ ዮሃና፣ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ አጎቴን ላግዝ ብላ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጥ ቀይ ያለበትን ሁሉ ከሙታን ዝርዝር ጨመረችው። እሷ ምን ታድርግ? በሕይወት ያለ ሰው እንደ ሞተ ሰው ይሰረዛል ብላ በየት በኩል ትጠርጥር!

«ታዲያ ይመልሱታ» አልኳቸው።

«መሰረዝ እንጂ መመለስ የሚል አንቀጽ የለንም፣ ፀዳለ። ጉባኤው ነው የሚወስነው። አጀንዳ ለማስያዝ ደግሞ መዝገብ ላይ የሰፈሩ የአሥራ አምስት ሰዎች ፊርማ ያስፈልጋል።»

«ሰው ከሞት የሚነሳው በፊርማ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ደንብ ነው።» መዝገቡን ገልብጬ ቀዮቹን ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ የትኞቹ በእውነት እንደሞቱ ጠየቅኳቸው። የሚያውቁት የቀድሞው ጸሐፊ ብቻ ናቸው አሉ። እሳቸውን የት አገኛቸዋለሁ ስል አቶ ነጋ ጣታቸውን ከዘጠኙ መስመሮች አንዱ ላይ አኖሩት። ጉድ እኮ ነው! ሟቹን ከሕያው የሚለየው ሰው ራሱ ሞቷል።

ሽባባው ታናሼ ነው። ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ የመግቢያ ካርዱን ለማይሰጠው ሰው ሰጠ፤ ያ ሰው ምን ሊያወጣበት እንደፈለገ እኔ አልናገርም፣ ፍርድ ቤቱ ተናግሯል። ጥፋቱን አልሸፍንለትም። ሁለት ዓመት ተቀምጦ ወጣ። እዚያ ተቀምጦ እንኳን በምርጫ ጊዜ ስቴምፓሱ፣ የመምረጫ ካርዱ፣ በስሙ መጥቶለት፣ ፈርሞ ውክልና ሰጥቶኝ፣ ካርዱን ይዤ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ዘንድሮም መጥቶለታል፤ ያ የመምረጫ ካርድ መስታወቱ ሥር ተሰክቶ እስካሁን አለ። የፈረደበት አገር በስሙ ይጠራዋል። የአገሩ ልጆች፣ ሠርጋቸው ላይ ድንኳን የተከለላቸው፣ እቃቸውን በትከሻው ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ያወጣላቸው ሰዎች ግን ስሙን አይጠሩትም። ይኼ ነገር ነው አንጀቴን የሚያሳርረው።

ዞተርሜር ከተማ ከእኔና ከልጄ ከሄርሜላ ጋር ነው የሚኖረው። ቤታችን ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ያለው፣ ከቤቶች ማኅበር የተከራየነው ነው፤ እሱ ማጠቢያ ማሽኑ የነበረበትን ጠባብ ክፍል ይዟል። ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። የበላበት ሳህን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቦታው ተመልሶ ይገኛል እንጂ ሲበላ ያየው የለም። ከሁሉም የሚያስፈራው የበር ነገር ነው። እስር ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ በር ሲከፈትለት እንጂ ሲከፍት አልኖረም፤ እና ዛሬም በር ከተዘጋበት እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። አያንኳኳም፣ አይጣራም። ለሥራ ስነሳ የሳሎኑን በር ከፈት ሳደርግ ማዶ ፊት ለፊቴ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እግዜር ይወቀው። ሄርሜላ አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ እንዲሁ ገጥሟት ጮኸች። «እማ፣ ኤንግ ነው፣ በጣም ያስፈራኛል» አለችኝ ማታ። «‹አንተ ለምን አትከፍተውም?› ስለው ‹ተዘግቶ ነበር› ይለኛል። ቁልፍ እኮ የለውም!» ከመታሰቢያው በኋላ ደግሞ ባሰበት። ከእኛ ጋር መናገሩንም ተወው። እያየሁት እየጠፋብኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ለራሴ ነገርኩት፤ በሚቀጥለው ጉባኤ የዚህ ልጅ ስም ከሕያዋን ጋር ይጠራል፣ አለዚያ እኔ ፀዳለ አይደለሁም።

ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናሁ። አሥራ ሁለት ሰው ፈረመልኝ፤ ሌላው «እናስብበት» እያለ ስልኩን ዘጋብኝ። ከሽባባው ሌላ ያሉትን ስምንቱን ቀዮች ደግሞ አንድ በአንድ አጠያየቅኩ። ስድስቱ በእርግጥ ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሁለቱ የተፈረደባቸው ናቸው፤ አምስተርዳም ያሉት ወይዘሮ አበባይሽና ሮተርዳም ያለው ስመኝ። ስልካቸውን የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም፣ የድሮ አድራሻቸውን ከመዝገቡ ቀዳሁ። ደንቡ «መዝገብ ላይ የሰፈሩ» ይላል እንጂ «ያልተሰመረባቸው» አይልም፤ አቶ ነጋ ራሳቸው አንብበው እውነት ነው ብለዋል። እነሱን ብጨምር አሥራ አራት፣ ሽባባው ራሱ ሲፈርም አሥራ አምስት። ጉባኤው ቅዳሜ በፈረንጅ አቆጣጠር በአሥራ ሰባት ሰዓት ዴንሃግ ከተማ ነው። እኔ ደግሞ ከምሠራበት ከአረጋውያን ቤት ጽዳት ፈቃድ ያገኘሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ክፍሉ ገባሁ። ጫማውን አጥልቆ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ወረቀቱን አሳየሁት፣ አሥራ አምስተኛውን መስመር። «ይኼ ያንተ ነው። አሁን አይደለም፣ እዚያ መጥተህ በፊታቸው ነው የምትፈርመው። ትመጣለህ?» አልኩት።

«ስሜን እኮ ጠርተውታል፣ ፀዲ» አለኝ። በቀልድ አይደለም፤ የተፈጸመ ጉዳይ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ ነው። ብቻዬን ብሆን አለቅስ ነበር። አድራሻውን በትልቁ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና፣ የክፍሉንም የሳሎኑንም በር፣ ዝናብ ከገባም ይግባ ብዬ የውጭውንም፣ ወለል አድርጌ ከፍቼለት ሄድኩ።

አምስተርዳም ስደርስ ሰማዩ ከጣሪያው ላይ ተቀምጧል። ኢንዲሸ ቡርት በሚባለው ሰፈር የወይዘሮ አበባይሽ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ያለው። ባዶ እጄን አልገባም ብዬ ከዳፐርማርክት ገበያ በሁለት ዩሮ አንድ ሳህን ማንጎ ገዝቼ ነበር። ገና ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። ስልሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ናቸው፤ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «ግቢ፣ ግቢ! ሰው መጣ! ከሞትኩ ወዲህ ሰው ሲመጣልኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

መጋረጃው በሙሉ ተጋርዷል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው፤ ሦስት ወንበር ግድግዳውን ተደግፎ ለለቅሶ ቤት እንደሚደረደረው ተደርድሯል። መደርደሪያው ላይ የራሳቸው ፎቶግራፍ በፍሬም ቆሞ፣ ፊቱ ትንሽ ጧፍ ይነዳል። ዓይኔ ከፎቶው ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ፎቶው ሲመላለስ አይተው ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው አስረዱኝ። የድጎማ ገንዘብ እየተቀበሉ በጎን የሰው ቤት ሲያጸዱ ተይዘው ተፈረደባቸው፤ መናፈሻ ጠርገው ቅጣታቸውን ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለላቸውም። ቅዳሴውን በፌስቡክ ነው የሚከታተሉት። የመታሰቢያውም ቀን ስልካቸውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ሲያዳምጡ ስማቸው ሲነበብ ሰሙ። «መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ። ኋላ ግን አሰብኩበት፣ ልጄ። አገራችን ልጅ የሌለው ሰው ተዝካሩን በቁሙ ያወጣ የለም? እኔም አልወለድኩ። ያለ ድግስ፣ ያለ ጠላ፣ እናንተ አወጣችሁልኝ። አርባዬን ደግሞ ራሴ እቆጥራለሁ ብዬ ጧፍ አበራሁ፤ ዛሬ ሃያ አንደኛዬ ነው።» ማንጎውን በእጃቸው እያገላበጡ ያሸታሉ።

ወረቀቱን አውጥቼ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ መነጽራቸውን ፈለጉ። «ብፈርም ስሜን ይጠሩታል?» አሉ። ይጠሩታል አልኳቸው። «እና ‹አለሁ› እላለሁ?» አዎ፣ ‹አለሁ› ይላሉ አልኳቸው። ብዕሩን ይዘው እንደ ተማሪ ፊደል በፊደል፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉት። ከዚያ ተነሥተው ጧፉን በሁለት ጣታቸው እፍን አደረጉት። «በአሥራ ሰባት ሰዓት ነው ያልሽው? ጫማዬን ልፈልግ» አሉ። ስወጣ አልጋ ሥር ተንበርክከው ጫማቸውን ሲጎትቱ ትቻቸው ነው የወጣሁት።

ሮተርዳም ስመኝ ቤት ያገኘኋት ሚስቱን ፋናዬን ነው። ድሮ ማኅበር ላይ እንተዋወቃለን፤ አረጋዊ የምትንከባከብ፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። አሁን በሩን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍታ አየችኝ። «ፀዳለ፣ ስመኝ እኮ የለም። ሞቷል፤ አልሰማሽም?» አለችኝ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ ጭኜ «ወይኔ እህቴን!» ማለት ስጀምር ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከተዘጋ በር ኋላ፣ የወንድ ሳል ተሰማ። ደረቅ፣ ረጅም ሳል። ሁለታችንም እስኪያልቅ ጠበቅን። ፋናዬ ፊቷ አልተለወጠም። ከዚያ በሩን ለቀቀችውና «ግቢ በቃ» አለች።

ጠጥቶ ሲነዳ ሰው ገጭቷል፤ የተገጨው ሰው ተርፏል፣ ስመኝም ቅጣቱን ፈጽሟል። ግን ያቺ ክፍል ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሰው ሲጠይቃት መጀመሪያ «አሞታል» ትል ነበር፣ ቀጥሎ «አገር ቤት ሄዷል»። ስሙ ሲነበብ ግን፣ አለችኝ ሶፋው ላይ እጇን አጣጥፋ፣ «ሰው እየደወለ አጽናናኝ። እውነት ልንገርሽ፣ ፀዳለ፣ በዓመት ተኩል ሰው ‹አይዞሽ› ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምን ብዬ ‹አልሞተም› ልበል?» አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ምኗን እቆጣታለሁ? ሰው በቁሙ ላለ ባልሽ አይዞሽ ሳይልሽ ለሞተው ሲልሽ ምን ትሆኛለሽ?

ተነሥቼ ወደዚያ በር ሄድኩ። «ስመኝ፣ እኔ ነኝ፣ የሽባባው እህት» አልኩ። ስለ አንቀጽ ዘጠኝ፣ ስለ ዘጠኙ መስመሮች፣ ስለ ወንድሜ ለእንጨት በር ተናገርኩ። በመጨረሻ ተንበርክኬ ወረቀቱንና ስክሪብቶውን በበሩ ሥር አሾለክኩት። ወረቀቱ ቀስ ብሎ ተጎተተ፤ ማዶ የያዘው ጣት አልታየኝም። ፋናዬ ከኋላዬ ቆማለች። ከታች ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ ጸጥ አሉ። ከዚያ ወረቀቱ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ተፈርሟል። አሥራ አራት። ስክሪብቶው ግን አልተመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ዴንሃግ የሰፈሩ አዳራሽ ስደርስ ሃምሳ ያህል ሰው ተቀምጧል፤ ኮቱ ሁሉ ከዝናብ እንደመጣ ወንበር ላይ ይንጠባጠባል። ሄርሜላ ስልክ ደወለችልኝ። «እማ፣ አጎቴ ወጥቷል፣ በሮቹ ክፍት ናቸው፣ ቤቱ በረዶ ሆኗል» አለች። መቼ እንደወጣ አላየችም። አዳራሹ ውስጥ የለም። ወይዘሮ አበባይሽ መጥተው የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አጠገባቸው ሁለት ባዶ ወንበር በግራና በቀኝ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፋናዬም መጥታለች፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ።

አንድ ሰው ተነሣና «ቀይ የተሰመረባቸው ፈራሚዎች በሕይወት መኖራቸው ይረጋገጥልን» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አቶ ነጋ መነጽራቸውን አስተካክለው «እያንዳንዳቸውን ሦስት ጊዜ እጠራለሁ፤ ያልመለሰ ፊርማው ይወድቃል፣ ሽባባውም ከመለሰ እዚሁ ይፈርማል» አሉ። «ወይዘሮ አበባይሽ!» ከኋላ «አለሁ!» የሚል ድምፅ ጮክ ብሎ መጣ፤ ሴትዮዋ ብድግ ብለው ቆመዋል፣ እስኪቀመጡም ጊዜ ወሰደባቸው። «ስመኝ!» ፋናዬ ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች። ሳሉ ቀደመ፣ ከዚያ «አለሁ» አለ አንድ የሻከረ ድምፅ። በአጠገቧ የነበሩ ሁለት ሴቶች፣ ደውለው ያጽናኗት ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ወንበራቸውን ራቅ አደረጉ። ፋናዬ ግን ስልኩን አላወረደችውም።

«ሽባባው!»

ጭንቅላቶች ወደ እኔ ዞሩ። የአዳራሹ በር የላይኛው ግማሹ ጉም የመሰለ መስታወት ነው፤ ከጀርባው የኮሪደሩ መብራት ይታያል። በመስታወቱ ላይ አንድ ጥላ ቆሟል። አይንቀሳቀስም። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ከመግባቴ ጥቂት በኋላ፣ ምናልባት ከጉባኤው መጀመሪያ።

«ሽባባው!» አሉ አቶ ነጋ ለሁለተኛ ጊዜ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እትዬ የምሥራች፣ የእድሩ አንጋፋ፣ ጆሯቸው ደከም ያለ፣ ስም ተጠርቶ ዝም ሲባል ልማድ ይዟቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። አዳራሹም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከእሳቸው ተቀብሎ በዝግታ «ነፍስ ይማር» አለ። ሁሉም ያለውን አወቀ። ጥላው አልተንቀሳቀሰም። ሰምቷል።

እግሬ ሊሮጥ ተነሣ፤ ደርሼ እጀታውን ልይዝለት፣ እንደ ሁልጊዜው። ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ዛሬ እኔ ብከፍትለት ነገም እከፍትለታለሁ፣ ሳረጅም። ባለሁበት ቆሜ ጮህኩ፣ ድምፄ የእኔ እስከማይመስለኝ ድረስ፤ «ሽባባው! በሩ አልተቆለፈም!»

አቶ ነጋ ሦስተኛውን ጥሪ አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። የበሩ እጀታ ትንሽ ወረደ። ተመለሰ። ሃምሳ ሰው ያቺን እጀታ ያያል። ወይዘሮ አበባይሽ ከኋላ «ና፣ ልጄ» ሲሉ ሰማሁ፣ በሹክሹክታ።

አንቀጽ ዘጠኝ በዚያን ዕለት ተሽሯል። በስንት ድምፅ ብትሉኝ አላስታውስም፤ የሞቀ ክርክር እንደነበረ፣ እነዚያ ሁለት ሴቶች እጃቸውን እንዳላወጡ፣ አቶ ነጋ ቀዩን ስክሪብቶ ለማንም ሳይሰጡ ኪሳቸው እንደከተቱት ትዝ ይለኛል። ሽባባውም አሥራ አምስተኛውን መስመር በፊታቸው ፈረመ። እኔ ስተኛም ስነሣም የሚመጣብኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው።

እጀታው እንደገና ወረደ፣ በሩም ተከፈተ። ወንድሜ ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ ቆሟል፤ የጻፍኩለት አድራሻ በእጁ ላይ ሟሙቷል። አቶ ነጋ ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን ቀስ ብለው፣ «ሽባባው» አሉ። ዓይኑ እኔን ፈለገ፣ አገኘኝ፣ ከዚያ ተወኝና ወደ ሕዝቡ ተመለከተ።

«አለሁ» አለ።

ማንም አላጨበጨበም። እትዬ የምሥራች ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው ዞር አሉና፣ ከተፈረደበት ወዲህ ከእድሩ ሰው አንድም ቃል ያልተሰጠውን ወንድሜን «ምነው ልጄ፣ ብርድ አስገባህብን እኮ፤ በሩን ዝጋው እንጂ» አሉት።

ሽባባው ዞረና በሩን በእጁ ዘጋው።